የአባባ ዛፎች፦ ከአርባቸው እስከ ሁለተኛው ሙት ዓመት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 28 ቀን 2015

አርባው ትናንት ወጣ። ዛሬ ቦታው ተለካ።

አባባ ቤት ውስጥ የማይገኙ ሰው ነበሩ። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ያለውን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ሲናና ወደ ወፍ ዋሻ ደን የሚወርደውን ገደል በእግራቸው ያውቁታል። ትተውት የሄዱት ዕቃ ትንሽ ነው፦ 1.50 ሜትር የሚረዝም የወይራ ዱላ፣ ሌንሱ የሻገተ የሩቅ መነጽር፣ ሰባት የኪስ ደብተር። ደብተሮቹ ላይ የሰፈረው ዝናብ የገባበት ቀን፣ ውርጭ የጣለበት ሌሊት፣ የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንዳፈራ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው እብነ በረድ ማቆም አልተዋጠልንም። አገር በቀል ዛፍ ይተከል ተባለ፤ ዕቅዱም ከራሳቸው ደብተር ተቀዳ።

ቦታው 2,790 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ተዳፋት ነው፤ 30 በ20 ሜትር። የላይኛው 13 ሜትር ቀይ ቡናማ፣ ድንጋይ የበዛበት አፈር ነው። የታችኛው 7 ሜትር ኮትቻ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፣ ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያው ክርክር የቁጥር ነበር። በዕድሜያቸው ልክ 72 ዛፍ ይሁን የሚል ነበረ። 72ቱን ለማስገባት ወይ ርቀቱን ወደ 2.30 ሜትር ማጥበብ፣ ወይ ኮትቻው ላይ መትከል ያስፈልጋል። ጥድና ወይራ ሥራቸው ውኃ ውስጥ ሲቆም ይታፈናሉ። ቁጥሩን መሬቱ ይወስነው ተብሎ በ3 ሜትር ርቀት 4 ረድፍ፣ በየረድፉ 10 ጉድጓድ ወጣ፤ 40። ከአርባው ጋር መግጠሙን ያየነው ከቆጠርን በኋላ ነው።

ዱላውን መሐል ላይ እንትከለው የሚልም ነበረ። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም መሬት የገባ እንጨት አፈሩ ከአየር በሚገናኝበት ላይ መበስበሱ አይቀርም። ስለዚህ መለኪያ ሆነ። ሁለት ዱላ 3 ሜትር ነው። ከጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀይ ክር ታሰረበት፤ የጉድጓድ ጥልቀት ማለት ነው።

ምርጫው፦ ጥድ 16፣ ወይራ 12፣ ኮሶ 8፣ ዝግባ 4። ወይራው ለዱላቸውና ለመፋቂያቸው፣ ኮሶው ንብ ስለሚወደው፣ ጥዱ የዚህ ደጋ ባለቤት ስለሆነ። ዝግባ ለዚህ ከፍታ ዳር ላይ ያለ ዛፍ ነው፤ ውርጭ አይወድም። ዝናብ ሲይዛቸው የሚጠለሉበት እሱ ስለነበረ ግን አራት ይሞከር ተባለ።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2015

የጥድና የወይራ ፍሬ ከሁለት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተሰበሰበ። አስቀድሞ አስተዳዳሪዎቹ ተጠይቀዋል። የቤተ ክርስቲያን ደን የሚመረጠው ያረጁ፣ በቦታው ውርጭ የተፈተኑ እናት ዛፎች የሚገኙት እዚያ ስለሆነ ነው።

ከአንድ ዛፍ ብቻ መልቀም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሁሉም ችግኝ ወንድምና እህት ይሆናል፣ አንድ በሽታ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ከ8 ጥድና ከ6 ወይራ ተወሰደ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 50 ሜትር እየተተወ። ጥድ ሴቴና ወንዴው ለየብቻ ስለሆነ ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ነው። የበሰለው ፍሬ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አለው፤ አረንጓዴው አይለቀምም። ወይራው እስኪጠቁር ይጠበቃል።

ከጥድ ሥር ሁለት ባልዲ አፈርም ተወሰደ። አሮጌ ዛፍ ሥር ያለ አፈር ከሥሩ ጋር ተባብሮ የሚኖር ሻጋታ ይዟል፤ ያለ እሱ የጥድ ችግኝ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ጥር 4 ቀን 2015

የዘር ዝግጅት።

ጥድ፦ ፍሬው ሦስት ቀን ተዘፈዘፈ፣ በወንፊት ላይ ታሸ፣ ታጠበ። የተንሳፈፈው ተጣለ፤ ባዶ ወይም ነፍሳት የበላው ነው። ከዘቀጠው 300 ፍሬ ተቆጥሮ 24 ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ቆየና በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተዘራ።

ወይራ፦ ሥጋው ተልጦ ጥላ ላይ ደረቀ። የውስጡ ፍሬ ድንጋይ ነው፤ እንዳለ ቢዘራ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ አንዱ ሲበቅል ሌላው ይተኛል። ጫፉን መስበር ያስፈልጋል። በድንጋይ ሲቀጠቀጥ ከ90 ፍሬ 31ዱ ደቀቀ። ቀሪው በፒንሳ ሾጣጣው ጫፍ ብቻ እየተያዘ ቀጭ ሲል ተለቀቀ፤ ከ110 የተበላሸው 6 ነው። መጀመሪያውኑ ፒንሳ መያዝ ነበረብን።

ዝግባ፦ ከወፍ ዋሻ በኩል የመጣ 30 ፍሬ። ቢጫው ሽፋን ተልጦ፣ ቅርፊቱ በቀስታ ተሰንጥቆ ተዘራ።

የችግኝ ፕላስቲክ 120፤ ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር። አንዱ 1.6 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ ለሁሉም 190 ሊትር ገደማ ይበቃል፣ ግን አፈሩ ሲጠጣ ስለሚሰምጥ 240 ሊትር ተዘጋጀ። በባለ 20 ሊትር ባልዲ፦ 6 የአካባቢ አፈር፣ 4 የደን አፈርና የበሰበሰ ብስባሽ፣ 2 አሸዋ። ያልበሰለ ፍግ መጨመር አይገባም፤ ይሞቃል፣ ሥር ያቃጥላል።

የካቲት 14 ቀን 2015

ጥዱ በ26ኛው ቀን ብቅ አለ። አበቃቀሉ የተንጠባጠበ ስለሆነ መደቡን ማፍረስ አያስፈልግም፤ እስከ ሁለት ወር መጠበቅ ነው።

ኮሶ ዛሬ ተዘራ። የሴቴው አበባ ቀይ ሲሆን አይለቀምም፤ ወደ ቡናማ ሲዞር ዘለላው ተቆርጦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ በእጅ ታሽቶ ተነፋ። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ቢቀበር አይወጣም። የተነፋ አሸዋ ላይ ተበተነ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አሸዋ ተነሰነሰበት፣ ስስ የሣር ጉዝጓዝ ለበሰ። ውኃው ታቹ በምስማር ከተበሳ ቆርቆሮ ነው የሚወርደው፤ ከባልዲ ከተደፋ ዘሩን አንድ ጥግ ይሰበስበዋል።

መጋቢት 11 ቀን 2015

ኮሶው እንደ ጤፍ ቡቃያ ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ፣ ከዚያም ከአንድ ጥግ ጀምሮ መውደቅ ያዘ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፣ ይጋደማል። የሻጋታ በሽታ ነው። ምክንያቱ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው፦ ብዙ ዘር፣ የማታ ውኃ፣ ያልተነሣ ጉዝጓዝ። የማታ ውኃ በደጋ ቅዝቃዜ ሌሊቱን ሙሉ ሳይደርቅ ያድራል።

የወደቁት ከነአፈራቸው ወጡ፣ ጉዝጓዙ ተነሣ፣ ችግኙ በጣት ልክ ተራራቀ፣ ውኃው ወደ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዞረ። በአራት ቀን ቆመ። አንድ ሲሶው ሄዷል።

የተረፉት አራት ቅጠል ሲያወጡ ወደ ፕላስቲክ ይዛወራሉ። ሲነሡ በቅጠላቸው ይያዛሉ። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ግንዱ ከተጨመቀ ግን አበቃለት።

ግንቦት 17 ቀን 2015

የበልጉ ዝናብ መሬቱን ስላለሰለሰው ጉድጓድ ተጀመረ። 40 በ40 በ40። የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር በላይ በኩል፣ የታችኛው በታች በኩል ለየብቻ ይከመራል፤ ሲተከል ጥቁሩ የላይኛው አፈር ወደ ሥሩ ይገባል። አንድ ሰው በዶማ በቀን 8 ጉድጓድ ይጨርሳል፣ ድንጋዩ ካልከፋ። የወጣው ድንጋይ ለአጥር ተቆለለ።

የእሾህ አጥር አልተመረጠም። አንድ ክረምት ካለፈ ይበሰብሳል፣ የደረቀው ደግሞ ማገዶ ሆኖ ያልቃል። የድንጋይ ካብ 1.10 ሜትር፣ ከውጭ በኩል ቀጋ። በግ ካቡን አይዘልም፤ ፍየል ይዘላል፣ ቀጋው ለእሱ ነው።

ጥዱ ገና 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም፤ ጥድ ከዓመት በላይ መደብ ላይ መቆየት አለበት። እንግዲህ ዘንድሮ ኮሶና ወይራ ብቻ። የራሳችን ወይራም ትንሽ ስለሆነ 12 ችግኝ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ተገዛ።

ከዛሬ ጀምሮ የጥላው ክዳን በየሳምንቱ ይሳሳል፣ ውኃው ይቀነሳል። ጥላና ውኃ የለመደ ችግኝ ሜዳ ሲወጣ ይደነግጣል። ከፕላስቲኩ ሥር የወጣ ሥር በየሦስት ሳምንቱ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ወደ መደቡ ይገባና በተከላው ቀን ሲነቀል ዋናው ሥር ይበጠሳል።

ሐምሌ 11 ቀን 2015፣ ማክሰኞ

ተከላ በደቦ። ቀኑ የተመረጠው በሦስት ነገር ነው፦ የሰኔ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ በሥላሴና በሚካኤል መካከል ሥራ የሚሠራበት ቀን፣ መሬቱም እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የራሰበት። ዱላው ተወግቶ ክሩ አካባቢ እስኪደርስ ያለ ጉልበት ከገባ እርጥበቱ በቅቷል። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ የሚተክል ሰው ችግኙን ለሰኔ ፀሐይ ይሰጠዋል።

አተካከሉ፦ ፕላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ታቹ ላይ የተጠመጠመ ሥር ካለ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሆናል፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ይደርቃል። አፈሩ በእግር ሳይሆን በእጅ ይጠቀጠቃል። በታች በኩል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ግማሽ ጨረቃ እርከን ይሠራል። ጉዝጓዙ ከግንዱ አራት ጣት ይርቃል።

አመዳደቡ፣ ረድፉ ከላይ ሲቆጠር፦ ወይራ 2ኛ ረድፍ ላይ 10፣ 3ኛ ላይ 2፤ ኮሶ 3ኛ ረድፍ ላይ 8።

ማታ ፕላስቲኮቹ ተቆጠሩ፤ 20 መሆን ሲገባው 19። አንዱ ከነፕላስቲኩ ገብቷል ማለት ነው። ሦስት ጉድጓድ ተከፍቶ ተገኘ። ደቦ ላይ ሥራው ሲሞቅ ይህ ሁልጊዜ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ሳይቆጠር እህል አይቀርብም የሚል ደንብ ለከርሞው ተያዘ።

መስከረም 20 ቀን 2016

አረም በየችግኙ ዙሪያ በአንድ ክንድ ርቀት ተነሣ። ሌላው ሣር ይቆያል፤ አፈር ይይዛል።

አንድ ወይራ ጠውልጎ ሲነካ ወደቀ፤ ሥር የለውም። ፍልፈል ነው። አዲስ የአፈር ቁልል ከካቡ ሥር ተገኘ። መርዝ አልተጨመረም፤ ቀዳዳው ተከፍቶ ከቁልሉ እስከ ቀጣዩ ችግኝ ያለው መንገድ ተቆፍሮ በጠጠር ተሞላ። ሁለት ሌሎች ወይራዎች ቅጠላቸውን አራገፉ። ሲወጡ ሥራቸው እንደ ጉንጉን ተጠምጥሞ፣ ከተተከሉበት ቅርጽ አልወጣም። የተገዛ ችግኝ ላይ ቁመቱን ሳይሆን ታቹን ማየት ያስፈልጋል፤ በጠባብ ፕላስቲክ ሁለት ዓመት የቆየ ረጅም ችግኝ ከአጭሩ ይብሳል።

ጥቅምት 20 ቀን 2016

ሙት ዓመቱ ከትናንት ወዲያ ነበር። እንግዶቹ እንደሄዱ የውርጭ መከላከያ ተጀመረ፣ ምክንያቱም በደብተሮቹ ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት ማብቂያ ወዲህ ነው የተጻፈው።

በየኮሶው ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት እንጨቶች ቆሙ፣ በምሥራቅ በኩል ብቻ ደረቅ ሣር ታሰረ። ምሥራቅ የሆነው ቅጠሉን የሚጎዳው ሌሊቱ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ የበረደ ቅጠል ማለዳ ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው በፍጥነት ይቀልጥና ይሞታል። ላስቲክ ማልበስ አይገባም፤ ቅጠሉን የነካው ቦታ ሁሉ ይቃጠላል።

ኅዳር 19 ቀን 2016

ትናንት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ነበር። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ተገኘ። የታችኛው ኮትቻ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ 4ኛው ረድፍ የሚሆንበት ቦታ እኩል በእኩል፣ ከ3ኛው በላይ ምንም። ድንበሩ በሲባጎ የተሠመረ ይመስላል።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈሳል፣ ጎድጓዳ ላይ ይተኛል። አባባ ሜዳ ሲያድሩ ወንዝ ዳር የማይተኙት፣ ሃያ እርምጃ ወደ ላይ ወጥተው ጋቢያቸውን የሚያነጥፉት ለዚህ ነበር። ይህን ሁላችንም እያወቅን ዝግባውን 4ኛ ረድፍ ላይ መድበነው ነበር፣ አፈሩ ጥልቅ ነው ብለን። አፈሩን ብቻ ነው ያየነው። ዕቅዱ ተለወጠ፦ ዝግባ 1ኛ ረድፍ ላይ፣ ቀን ፀሐይ ከሚያሞቀው ካብ ሥር፤ 4ኛው ረድፍ ለጥድ። ከካቡ ታችኛ ጎን ደግሞ ሁለት ክንድ ስፋት ያለው በር ተከፈተ፤ ካቡ ራሱ ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ይዞት ነበር። በሩ በሣንቃ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ነው የሚዘጋው።

ሁለት ኮሶ ቅጠላቸው ጠርዙ ጠቁሯል። አይቆረጥም። የተጎዳው ቅጠል እስከ የካቲት ከሥሩ ያለውን እምቡጥ ይሸፍናል።

መጋቢት 6 ቀን 2016

የውኃ ሒሳብ፦ ለአንድ ችግኝ 5 ሊትር በየ10 ቀኑ። ለቆሙት 17ቱ 85 ሊትር፣ አምስት ጀሪካን አይሞላም፣ በአህያ ሁለት ምልልስ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ወደ ላይ ያመጣዋል፤ አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ወደ ታች ይስበዋል።

ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ክዳኑ በምስማር ተበስቶ ተዘቅዝቆ ተሞከረ። በሳምንት ውስጥ ቀዳዳው በጭቃ ተደፈነ። ክዳኑ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ሲጨመር ተሻለ፣ ግን ለ17 ችግኝ የሚያስገኘው ጥቅም ከድካሙ አይበልጥም። ተትቷል።

አንድ ኮሶ በበግ ተሰበረ። የገባችው በአየር በሩ ነው፤ ርብራቡ ሳይታሰር አድሮ።

ሐምሌ 11 ቀን 2016፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ተከላ። ከ300 የጥድ ዘር 81 በቅሎ፣ 58 ለተከላ ደርሷል፤ ቁመታቸው ከ22 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር። 16ቱ ተተከሉ፣ የተረፉት ፍሬውን ለለቀምንባቸው ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች ተሰጡ፣ ጥቂት ለመተኪያ ቀሩ። ጥድ 1ኛ ረድፍ ላይ 6፣ 4ኛ ላይ 10፤ ዝግባ 1ኛ ላይ 4። በሞቱት ወይራዎች ቦታ ሦስት የራሳችን ወይራ ገባ።

4ኛው ረድፍ ላይ እርከኑ ተገልብጧል፦ ውኃ የሚይዝ ሳይሆን የሚያሳልፍ፣ ጉብታ ላይ የተተከለ። ኮትቻው ቅርብ ነው።

ፕላስቲክ ተቆጠረ፤ 23። እህሉ ከዚያ በኋላ ቀረበ።

መስከረም 24 ቀን 2017

መለያና መቀመጫ። መለያው ከጣሳ ቆርቆሮ ተቆርጦ በደነዘዘ ምስማር ተጽፏል፤ ቀለም ፀሐይ ያጠፋዋል፣ የተጎደጎደ ፊደል ግን ይቆያል። ሽቦው ግንዱ ላይ አይታሰርም፣ ዛፉ ሲወፍር ይውጠዋል። አጠገቡ በተተከለ ብረት ላይ ይንጠለጠላል።

መቀመጫው ከላይኛው ካብ ጋር የተያያዘ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ጽሑፉ በመጀመሪያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተሞክሮ የ«ጠ» ቀጭን እግሮች ተቦጨቁ። ጥቁሩ ድንጋይ ሲመታ ይፈነጠራል። በለስላሳው የአምቦ ድንጋይ ተተካ፦ የፊደሉ ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ በከሰል ተነድፎ ከመሐል ወደ ዳር የተፈለፈለ። ስም፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሌላ የለም።

ታኅሣሥ 1 ቀን 2017

ቆጠራ፣ ከአምስት የውርጭ ሌሊት በኋላ። ኮሶ 7፣ ረጅሙ 1.40 ሜትር፤ አንድ ዱላ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ወይራ 12። ጥድ 15፤ የሞተው ከ4ኛው ረድፍ ነው፣ በውርጭ ሳይሆን ጉብታው ተንዶ ሥሩ ውኃ ውስጥ ስለቆመ። ዝግባ 2፤ የተረፉት ሁለቱም ከካቡ ክንድ የማይርቁት ናቸው። በጠቅላላ 36። የሁለቱ ዝግባ ቦታ አምጃ ለተባለ ሌላ የደጋ ዛፍ ይለቀቃል፤ የጥዱ ጉብታ በድንጋይ ተደግፎ በሐምሌ ይተካል፤ ለተሰበረው ኮሶ አዲስ ዘር በየካቲት ይዘራል።

ኮሶ እንደ ጥዱ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ እስኪያብብ መለየት አይቻልም። በሰባቱ መለያ ላይ ያ ቦታ ባዶ ተትቷል።